ነጂ የሌላት ጋሪ

የተማርሁት ዳዊት እስከ መድገም ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜዬ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባሉ የበርበሬ መጋዘኖች ውስጥ ጆንያ ስሞላና ስሰፋ፣ ሳስነጥስም አለቀ። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፣ ታገሡኝ።

በሠፈራችን ግን ሰው የሚያውቀኝ በበርበሬ አይደለም፤ በእንቆቅልሽ ነው። ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ የማኅበራችን ጽዋ ከተጠጣ በኋላ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው "በል እስቲ አንድ ጣል አድርግ" ይለኛል። እኔም እጥላለሁ። ሰው ሲስቅ ደስ ይለኛል። እንግዲህ ጉዴን ያመጣችብኝ ይቺው ደስታ ናት።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ እንደወጣ ነው። በግጭቱ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሰዉም ገና ሳይመሽ በሩን ሲቀረቅር ከርሞ፣ ያ ሰሞን ነገሩ ረገብ ብሎ ነበር። ሥዕል ተምራ የተመለሰችውና እዚሁ ከተማችን የምታስተምረው የጎረቤታችን ልጅ አንድ ማለዳ ወደ ግቢያችን ገባች። እኔና ባልንጀራዬ ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እየሞቅን ነበር።

"አባባ፣ እርስዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት" አለችኝ። "የከተማው ሰው እየዞረ ሥዕል የሚያድንበት ጨዋታ ላዘጋጅ ነው። መነሻው የሜክሲኮ ሰዎች የጥንት ጨዋታ ነው፤ ሎተሪያ ይሉታል።"

"ሜክሲኮ? አዲስ አበባ ያለው አደባባይ?" አላት ባልንጀራዬ።

"አይ አያ፣ ባሕር ማዶ ያለው አገር።"

"ሎተሪማ እኛም አለን። ስንቆርጥ ኖርን፣ የደረሰው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመን።"

ሳቀችና ዱካ ላይ ቁጭ ብላ አስረዳችን። በዚያ አገር ሎተሪያ የሚጫወት ሰው ሁሉ ሥዕሎች የተደረደሩበት ካርቶን ይይዛል። ጠሪ የሚሉት ሰው ከፊቱ ካሉት ሥዕሎች አንዱን ያነሣል፤ ስሙን ግን አይናገርም፤ ግጥም ወይም ቀልድ አድርጎ ይጠራዋል። ያ ሥዕል ካርቶኑ ላይ ያለበት ሰው የባቄላ ፍሬ ያስቀምጥበታል። አንድ መስመር የሞላለት "ሎተሪያ!" ብሎ ይጮኻል። እሷ ደግሞ ጨዋታውን ከጠረጴዛ አንሥታ ከተማው ላይ ልትዘረጋው አስባለች። በኮምፔንሳቶ ቁራጭ ላይ የኛኑ ነገር ትሥላለች፤ መሰላል፣ ጨረቃ፣ በርበሬ፣ እንቁራሪት፣ ከበሮ። ከዚያ እዚህም እዚያም ትደብቃቸዋለች። ጠሪው አደባባይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ አንድ ጊዜ ሥዕሉ ምን እንደሆነ፣ አንድ ጊዜ የት እንዳለ በእንቆቅልሽ ይናገራል። ሰው ፈትቶ ይሮጣል። ያገኘ ሥዕሉን ለራሱ ይወስዳል፣ ካርቶኑም ላይ የበቆሎ ፍሬ ያስቀምጣል።

"ባቄላው ምነው በቆሎ ሆነ?" አልኋት።

"ምዕራብ ጎጃም ነን እኮ አባባ! በቆሎ ሞልቶ ባቄላ ማን ያባክናል?"

"ጠሪው ታዲያ ማነው?"

ባልንጀራዬ በክርኑ ጎሸመኝ። "አንተ ሞኝ፣ ፀሐይ ልትሞቅ የመጣች መሰለህ?"

ስለዚህ ባልንጀራዬ ልንገራችሁ። ባለጋሪ ነው። አብረን አድገናል፣ በአንድ ጽዋ ማኅበር ታስረናል። ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ ያለበት ዳማ ፈረስ አለው። ጠዋት ጠዋት የሠፈሩን ሕፃናት ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ከዚያ የገበያተኛ እህልና ዕቃ ይጭናል። ባጃጅ ከተማውን ከሞላው በኋላ እንኳ የሱን ጋሪ የሚመርጥ ብዙ ነበር። መንገዱ ቢረዝምም ጨዋታው አይጠገብማ።

ዓይኑ መድከም ከጀመረ ግን ቆይቷል። ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ይዤው የሄድሁት እኔ ነኝ። ሐኪሟ "ሞራ ቢሆን በገፈፍነው ነበር፤ ይሄ የዓይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን" አለችው። ስንመለስ መኪናው ዱርቤቴን አለፈ። ከዚያ እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ።

"የጠፋኝ ጎንና ጎኑ ነው። ፊት ለፊቴን አያለሁ" አለኝ። "ደግሞ ፈረሱ መንገዱን ያውቀዋል። ለማንም እንዳትናገር።"

"አልናገርም" አልሁት።

አልተናገርሁም። ከጊዜ በኋላ ፊት ለፊቱም እየጨለመ ሲሄድ አየሁ። ጽዋ ሲቀበል እጁ አየር ሲዳብስ አየሁ። የቤቴን ደፍ በእግሩ ጣት ፈልጎ ሲረግጥ አየሁ። ዝም አልሁ። ያደረግሁት አንድ ነገር ቢኖር የልጅ ልጄን ከጋሪው ማስቀረት ነው። "ትንሽ በእግሯ ትሂድ፤ እግሯ ይጠንክር" ብዬ ለእናቷ ነገርኋት። የሌሎቹ ልጆች ግን በየጠዋቱ ተጠቅጥቀው ይሳፈሩ ነበር። እኔም በሬ ላይ ቆሜ እጄን አውለበልብላቸው ነበር። ይቺን እጄን ዛሬም ሳያት ታሳፍረኛለች።

ልጅቱ ከተማውን እየዞረች ስትሥል ሰነበተች። ጋሪ ማቆሚያው ጋም ተቀምጣ የባልንጀራዬን ፈረስ ሣለች። ሥዕሎቹ ሲያልቁ ለእኔ ላሳይ ብላ በማዳበሪያ ከረጢት ይዛቸው መጣች። እሱም እንደ ልማዱ እኔ ዘንድ ነበር። እሷ ባለቤቴን ሰላም ልትል ወደ ውስጥ ስትገባ፣ የፈረሱን ሥዕል አንሥቼ ሰጠሁት። ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ አራቀው። የያዘው ገልብጦ ነበር። ቀስ ብዬ እጁ ላይ አዞርሁለት።

"እንዴት ነው? ይመስላል?" አለኝ በሹክሹክታ።

አየሁት። ፈረሱ ቁርጥ እሱን ነው፤ ቦቃው፣ የተቆረጠው የጆሮው ጫፍ፣ ሁሉ። ከኋላው ጋሪዋ ቆማለች። ጋሪዋ ላይ ግን ሰው የለም። ልጅቱ የሣለችው ፈረሱንና ጋሪዋን ብቻ ነው። በዚያን ሰዓት ወርዶ ሻይ ይጠጣ እንደነበረ እንጃ።

"ቁርጥ ራሱን!" አልሁት። "አንተም አለህ። ባርኔጣህን ደፍተህ፣ ዛቡን ጨብጠህ፣ እንደ ደጃዝማች ተኮፍሰህ።"

"ባርኔጣዬንም ሣለቻት?"

"ከነቀዳዳዋ።"

ፊቱ በራ። እንዲህ በርቶ አይቼው አላውቅም። ሥዕሉን በመዳፉ ዳበሰውና መለሰልኝ። "እኔ ጋሪ ማቆሚያው ላይ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። ድምፅ ማጉያው እስከዚያ ይሰማል። የኔ ፈረስ ሲጠራ እንዳታሳፍረኝ፤ አሳምረህ ጥራው።"

"ያንተንማ!" አልሁት።

እኔና ልጅቱ ሥዕሎቹን ስንደብቅ፣ የፈረሱን ወስደን እኔ ስሠራበት ከነበረው የበርበሬ መጋዘን ጀርባ፣ ከጣራው የሚወርደው የውሃ ቧንቧ ሥር ሸጎጥነው።

ጨዋታው የሆነው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ያን ያህል ሰው ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። አሮጊት፣ ሕፃን፣ ባጃጅ ነጂ፣ ከነጫማቸው አቧራ የመጡ የገጠር ሰዎች፣ ሁሉም ካርቶኑን ይዟል፣ ኪሱን በበቆሎ ሞልቷል። በቆሎው እየተንጠባጠበ ዶሮዎች ሕዝቡን ተከትለው ይለቅማሉ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወንበር አስቀመጡልኝ፤ ማይክሮፎኑን ልጅቱ እጄ ላይ አኖረችው።

"እንቆቅልሽ!" አልሁ።

"ምን አውቅልህ!" አለ ከተማው። ልቤ ዘለለች።

"ቀይ ካባ ለብሳ ገበያ ትወርዳለች፤ ያቀፋትን ሁሉ ታስለቅሳለች!"

"በርበሬ!"

"ውሃው ሲሄድ እሱ የሚቀር፣ ሁሉ የሚረግጠው፣ ማንንም የማይረግጥ፣ ከሥሩ ነው ያለችው!"

"ድልድይ! ድልድይ!" ብለው ተፈተለኩ። አንዲት ባልቴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ከጎረምሶቹ ቀድማ ሥዕሉን ይዛ ተመለሰች። ሰው በሳቅ ፈነዳ። መሰላሉን "ሰውን ሁሉ ሰቅሎ፣ እሱ ግድግዳ ተደግፎ የሚያድር" ብዬ ጠራሁት። እንቁራሪቷን "ክረምት ማኅሌት ቆማ የምታድር፣ በጋ ሲገባ ድምጿ የሚዘጋ" አልኋት። ከዳር ቆመው የነበሩት የማኅበራችን ካህን እንኳ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሳቁ። እኔ ስናገር ሁሉም ዝም ይላል፤ እኔ ስጨርስ ሁሉም ይስቃል። ጠላ ያልነካው አፌ ሰከረ ልበላችሁ።

ከዚያ የፈረሱ ተራ ደረሰ። ያዘጋጀሁት ቀላል ነበር። "አራት እግር ይቀድማል፣ ሁለት ጎማ ይከተላል" የሚል ነው። ቦታውን ደግሞ "ሰው ሳይታመም የሚያስነጥስበት ግድግዳ" ልል ነው። የመጀመሪያውን እንዳልሁ፣

"ጋሪ! ፈረስ!" አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

"ኧረ ይሄማ ቀለለ!" አለ አንዱ።

"አባባ ባትሪ ጨረሱ!" አለ አንድ ባጃጅ ነጂ፤ ሳቁ። የሳቁት ግን በኔ ነው። እንግዲህ አንድ ጊዜ በሳቅ የሰከረ ሰው በራሱ ሲሳቅ አይወድም።

"እንግዲያውስ ስሙ!" አልሁ። "ጌታው ዛቡን ይይዛል፣ መንገዱን የሚያየው ግን እሱ ነው! ጌታው ቢታወር ከተማው ሳያውቅ፣ እሱ ለሁለት ያያል!"

ሳቁ እንደ ማዕበል መጣ። ከሁሉም የበለጠው ሳቅ ያ ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከዚያ ሳቁ ከፊት ለፊት ጀምሮ እየጠፋ ወደ ኋላ ሄደ።

"ምን አሉ? ታውሯል ነው ያሉት?" አለች አንዲት እናት።

"ባለቦቃውን ፈረስ ነው። ሌላ ማን አለ!"

"ውይ በሞትሁት! ባለፈው ጎማዋ ከድልድዩ ጠርዝ ስትወጣ ‘ፈረሱ ደነገጠ' አለኝ እኮ! ልጄ ላይዋ ነበረ!"

"ኑ እንያ!"

ቦታውን አልጠበቁም። ሕዝቡ ገንፍሎ ወደ ጋሪ ማቆሚያው ሮጠ። ሕፃናቱ ሥዕሉ እዚያ ያለ መስሏቸው እየሳቁ ሮጡ። ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ቀረ። "አይደለም! አይደለም! በርበሬ መጋዘኑ ጋ ነው!" ብዬ ጮኽሁ፤ የሚሰማኝ ከዶሮዎቹ በቀር አልነበረም። ባልንጀራዬም ነበር። እሱ እንደሚሰማኝ አውቃለሁ። ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ ብሎኝ የለ?

በዱላዬ እየተደገፍሁ ስደርስ ከበውታል። ጋሪዋ ላይ ቁጭ ብሏል። ባርኔጣውን አጥቦ፣ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ ነው የመጣው፤ ፈረሱ ግንባር ላይም ቀይ ክር አስሯል። ያ ባጃጅ ነጂ ጣቶቹን ፊቱ ላይ ዘርግቶ "አያ፣ እስቲ ይሄ ስንት ነው?" ይለዋል።

"እጅህን ሰብስብ" አለው ባልንጀራዬ። "ስንትም ቢሆን ታጥቦ አያውቅም።"

ሰዉ ሳቀ። ግን ስንት እንደሆነ አልተናገረም፤ ሁሉም ያን ልብ አለ። አንዲት እናት ከፊቱ ቀርባ፣ ሳትቆጣ፣ ልመና በሚመስል ድምፅ "አያ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያዩኛል?" አለችው። ከዚያ ከጋሪዋ ወረደ። እግሩ መሬቱን እስኪያገኝ ድረስ አየር ላይ ሲፈልግ ያ ሁሉ ሰው አየው። የፈረሱን ልጓም ያዘና ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ። ጠረኔን አሽትቶ ይሁን ዱላዬን ሰምቶ፣ አላውቅም።

"አሳመርኸው" አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ከማግሥቱ ጀምሮ ልጆቹ በእግራቸው ሄዱ። ዕቃ የሚያስጭን ጠፋ። ጋሪዋን አማቹ ወስዶ ይሠራባት ጀመር። ልጅቱ መጥታ ዓይኗ እንባ አቅርሮ "አባባ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ፈረሱን ባልሥለው ይሻል ነበር?" አለችኝ። "አንቺ ፈረስ ሣልሽ፤ የቀረውን የሣልሁት እኔ ነኝ" አልኋት። የገባት አልመሰለኝም።

ባለቤቴ ለብዙ ቀን አላናገረችኝም። አንድ ቀን ምሳ እያቀረበች "አንቱ፣ ያን ነገር ከማን ሰምተው ተናገሩት?" አለችኝ።

"ከራሱ።"

እጇን ታጥባ ወጣች። ከመቆጣት ያ ባሰ።

የባሰውም ገና ነበር። ያቺ ልጇ ድልድዩ ላይ ሊወድቅባት የነበረችው እናት እሸት በቆሎ በመሶብ ተሸክማ ቤቴ መጣች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። "የልጄን ነፍስ አተረፉልኝ። እግዜር ነው በአፍዎ ያናገረው" አለችኝ። ሌሎችም "ደግ አደረግህ፤ መነገር ነበረበት" ይሉኛል። እውነት ነው፤ መነገር ነበረበት። ነገር ግን ቀድሞ መነገር የነበረበት ለሱ ለብቻው ነው፤ ያውም ፈረሱ ከድልድዩ ሳይደርስ በፊት። እኔ ደግሞ የራሴን አውርጄ የሷን ልጅ ላይዋ ትቼ ነበር። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትሁ። "ተቀመጪ" ብቻ አልኋት።

እንዲህ እንዳለን ማኅበሩ በኔ ተራ ደረሰ። የጽዋ ማኅበር ሕግ የታወቀ ነው፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ አይነካም። ሰዎቹ ተሰበሰቡ፣ ዳቦው ተባረከ፣ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መሐል ተቀመጠ። የሱ ቦታ፣ በሩ አጠገብ ያለችው መደብ፣ ባዶ ናት። "አሞኛል" ብሎ ልኳል።

ካህኑ ቦታዋን አይተው ወደኔ ዞሩ። "የታመመው እሱ ነው ወይስ ፍቅራችሁ?" አሉኝ።

"ፍቅራችን ነው አባ።"

"አስታማሚው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? በል ሂድ። አንተ ሳትመለስ ጽዋው አይገለጥም።"

በገዛ ቤቴ፣ ባለቤቴ በጠመቀችው ጠላ፣ እንግዶቼን አስቀምጬ ወጣሁ። እግሬ ወደሱ ቤት አልሄደም፤ ወደ በርበሬ መጋዘኑ ሄደ። ሥዕሉ ከቧንቧው ሥር እንዳለ አለ። ማን ይፈልገዋል? ዝናብ ነክቶት የፈረሱ አንድ እግር ፈዟል። በጋቢዬ ጠርጌ ይዤው ሄድሁ።

ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የፈረሱን እግር ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ሰኮናውን በጣቱ እየዳበሰ ነበር። እሑድ ስለሆነ አማቹ በጋሪዋ አልወጣም። ቀና ሳይል፣

"የዕርቅ ድንጋይ ተሸክመህ ትመጣለህ ስል እንጨት ይዘህ መጣህ?" አለኝ። "በሩ ላይ ሲጋጭ ሰማሁት።"

"ሥዕሉ ነው። ማንም አላገኘውም።"

"ሁሉ እኔን ሊያይ መጥቶ ምን ጊዜ ኖሮት ያግኘው።" የፈረሱን እግር አወረደ። "እስቲ ንገረኝ። ምን አለበት?"

"ፈረስህ አለ። ቦቃው አለ። የተቆረጠችው ጆሮው አለች። አንድ እግሩ ውሃ ነክቶት ፈዟል።"

"እኔስ?"

"አንተ የለህም። ጋሪዋ ባዶ ናት። ያን ጊዜ ዋሽቼህ ነው።"

"ባርኔጣዬስ?"

"የለችም።"

"ከነቀዳዳዋ ብለኸኝ ነበር።"

"ብዬህ ነበር።"

ፈረሱ ትከሻውን ገፋ ገፋ ያደርገዋል።

"የልጅ ልጅህን ያወረድሃት ቀን አውቃለሁ" አለኝ። "የልጆቹን ድምፅ በየጠዋቱ እሰማ የለ? የሷ ቀረ። ‘እግሯ ይጠንክር ብለዋል' አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ ካወረዳት አይቶብኛል አልሁ። ዛሬ ወይ ነገ ይመጣና በጆሮዬ ‘ውረድ' ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ ብትለኝ እወርድ ነበር። ካንተ በቀር ማን ሊለኝ ይችላል? አንተ ደግሞ መጥተህ ፀሐይ ትሞቃለህ፣ ታስቀኛለህ፣ ትሄዳለህ። እንግዲህ እሱ ዝም ካለ ገና ነኝ ማለት ነው አልሁ።"

የማይክሮፎኑን ኃጢአት ብቻ ተሸክሜ ነበር የሄድሁት፤ ለካ ከሱ በፊት ሌላ ነበረ፤ ያም ዝምታዬ ነው።

"ይቅር በለኝ" አልሁት።

"ለእግዜር ብዬ ይቅር ብያለሁ። ሰዎቹን ሳትጋብዝ አስቀምጠሃቸዋል፤ ጽዋው እኛን ይጠብቃል።" ባርኔጣውን ፈልጎ ደፋ። "ክንድህን አምጣ። ሥዕሉን ግን እዚያ ግድግዳ ሥር ተወው።"

ክንዴን ሰጠሁት። መንገድ ላይ ሰዉ ያገኛቸውን ሥዕሎች በየሱቁ በር ላይ ሰቅሏቸዋል። "ያ ምንድነው?" ይለኛል፤ የበር ቀለም የሚለይበት ዓይን እንኳ ሳይቀረው እንዴት እንደሚያውቅ እንጃ፤ ምናልባት እርምጃዬ ይዘገይ ይሆናል። "ጨረቃ ናት" እለዋለሁ። "እንዴት ያለች?" "ግማሽ። ጥግ ላይ ቀለሟ ፈሷል።" ምንም አልጨመርሁም። ሊያስቀው የሚችል ነገር አፌ ላይ ይመጣል፤ እመልሰዋለሁ። ዛሬም አብረን ስንሄድ እንዲሁ ነው፤ ያለውን ብቻ እነግረዋለሁ።

ስንገባ ሁሉም ተነሣ። ካህኑ ጽዋውን ገለጡት። ጠጣን።

ልጅቱ ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን ደግማ አዘጋጅታለች። ጠሪ ይሁኑልኝ ብትለኝ "ድምፄ ደክሟል" ብዬ አልሄድሁም። ራሷ ጠራች፤ አሳምራለች ይላሉ።

ሥዕሉን ባልንጀራዬ ቤቱ ውስጥ፣ ከበሩ ትይዩ አሰቅሎታል። ማኅበሩ በሱ ተራ ሲደርስ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አንዱ ሁልጊዜ "አያ፣ ጋሪዋ ነጂ የላትም እንዴ?" ብሎ ይጠይቀዋል።

"ወርዷል" ይላል እሱ። "ያወረደው ያው እዚያ ተቀምጧል።"

ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። እሱ ይሳቅ አይሳቅ ግን እስካሁን አላውቅም፤ ያን ጊዜ ሁልጊዜ ወደ ዋንጫዬ አቀረቅራለሁ።